ስንቄ ከዐሥር ሜትር

«ታዲያ ፎቶዋሳ?» አሉ አያ ፋንታ፣ ንፍሮውን በመዳፋቸው እያሹ።

ቢያድግልኝ የሰማ አልመሰለም። እናቱ ስንቄ ከተቀበረች አራተኛ ቀኗ ነው። እሱም አራት ቀን ሙሉ ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ቢቸና በእናቱ ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ሐዘንተኛ ያልሰማ ቢመስል አይፈረድበትም። አያ ፋንታ ግን የእድር ዳኛ ናቸው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሲዳኙ ያልሰማ የሚመስል ሰው ብዙ አይተዋል።

«ፎቶዋን ነው የምልህ፣ ልጄ። እኅትህ እሑድ ትገባለች። ደራሽ ሲመጣ ልቅሶው እንደ አዲስ እንደሚነሣ ላንተ አይነገርህም። ሬሳ የለ፤ ሬሳ ከሌለ ፎቶ ይቆማል። ደግሞ ትልቅ ይሁን። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሲሞት የቆመለት በር ያክል ነበር።»

«ይደርሳል፣ አያ።»

«እንዴት አይደርስ! የፎቶ ሰው እናት ሆና!» ብለው ወደ ጎናቸው ዞሩና ለተቀመጡት ሰውዬ አስረዱ። «ሞጣ ላይ ኮምፒውተር ቤት አለው እኮ። የአገሩ ሰው መልክ ሁሉ በእሱ እጅ ነው።»

ሰውዬው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢያድግልኝ አንድ ፍሬ ንፍሮ አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንቄ በዕድሜዋ የተነሣችው ደኅና ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ልጇ አበላሽቶታል። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ያበላሸው ደግሞ በደግነት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስንቄ ለልቅሶ ሞጣ መጥታ ሳለ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ አቁሞ በአዲሱ ካሜራው አነሣት። ጥለቱ ወይን ጠጅ የሆነ ነጠላ ለብሳለች። ፀሐይ ዐይኗን ወግቷታል። አንዱን ቅንድቧን ሰቅላ ካሜራውን «ምን ፈለግህ?» የምትለው ትመስላለች። ግሩም ፎቶ ነበር። አቅርቦ ሲያየው የግንባሯ መስቀል ንቅሳት ነጥቦች አንድ ባንድ ይቆጠሩ ነበር።

ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራው እኅቱ ትርሲት ይህን ሰምታ በዚያው ቀን ደወለች። «ላክልኝ! አሁኑኑ ላክልኝ፣ ካየኋት አራት ዓመቴ እኮ ነው!» የሞጣ ኔትወርክ ግን ያን የሚያክል ፎቶ የሚሸከም ጫንቃ አልነበረውም። ሦስት ጊዜ ቢልከው ሦስቴም መሀል መንገድ ላይ ተኛበት። ስለዚህ ፎቶውን ከፈተና ስፋቱ ከተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ሦስት ሺህ የሚለውን አጥፍቶ ሁለት መቶ አርባ ብሎ ጻፈ። ከዚያ እንዲያስቀምጥለት አዘዘው። ኮምፒውተሩ ጨዋ ነውና ጠየቀው፦ በዚህ ስም ሌላ ፎቶ አለ፣ ይተካ?

ቢያድግልኝ አዎ አለ።

ፎቶው ባንዴ ቤይሩት ገባ። ትርሲት በስልኳ አይታ አለቀሰች፤ እሱም ደስ አለው። ጉዱን ያወቀው ከወራት በኋላ ለዘመን መለወጫ ለእናቱ አሳትሞ በመስተዋት ሊያስገባላት ሲነሣ ነው። ከፈተው። አተለቀው። እናቱ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆና ተበተነች።

በዚያን ጊዜ ለደንበኞቹ የሚያደርገውን ለራሱ አደረገ። ደንበኛ «ጥራቱን ጨምርልኝ» ሲለው፣ ሪዞሉሽን የሚለው ሳጥን ውስጥ ሰባ ሁለት የሚለውን አጥፍቶ ሦስት መቶ ብሎ ይጽፍና «ጨመርኩልህ» ይላል። ደንበኛውም ዐይኑን አጥብቦ «አሁንስ ጠራ!» ይላል። ሁለቱም ረክተው ይለያያሉ። ያን ቀንም ሦስት መቶ ብሎ ጻፈ። ስንቄ አልጠራችም። ስድስት መቶ ብሎ ጻፈ። ደንበኞቹ የሚያምኑትን ያህል እሱ ራሱን ማመን አቃተው።

«ግዴለም፣ ሌላ ጊዜ አነሣታለሁ» አለ።

ዓርብ ጠዋት የስንቄ ታናሽ እኅት እትየ ጥሩአየሁ ከድንኳኑ ጀርባ ጠሩት። ፊታቸው ከልቅሶ ብዛት አብጧል፤ ድምፃቸው ግን የምሥራች የያዘ ሰው ድምፅ ነው።

«መታወቂያዋን አገኘሁት። ከመቀነቷ ውስጥ» ብለው አንዲት የተጣጠፈች ካርድ አስጨበጡት። «ያኛው እንኳ ባይሳካ ይኸ አይሆንህም?»

ስንቄ ያችን መታወቂያ ዐሥራ አንድ ዓመት በመቀነቷ ቋጥራ ገበያ ወጥታለች፣ ወንዝ ተሻግራለች፣ በየልቅሶው ደረቷን ደቅታለች። ላብና ዝናብም ድርሻቸውን ወስደዋል። ከፎቶው የተረፉት ሁለት ጆሮዎችና የቀበሌው ማኅተም ናቸው። ማኅተሙ ፍንትው ብሎ ይነበባል።

«ጆሮዋ ራሷ ናት» አሉ እትየ ጥሩአየሁ።

«ናት፣ እትየ።»

«ታዲያ ኮምፒውተሩ ከጆሮዋ ተነሥቶ ሌላውን አይቀጥለውም?»

«አይቀጥልም፣ እትየ።»

«እህ። ብዙ ሲያወሩለት።» መታወቂያዋን ስመው መልሰው ደረታቸው ውስጥ ከተቷት። «እንግዲያ ያንን ትልቁን አምጣው። አለህ አይደል?»

«አለ» አለ ቢያድግልኝ።

ውሸቱን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማው።

ሐዘንተኛ ከሰባት ቀን በፊት ከፍራሽ ተነሥቶ አገር አቋርጦ አይሄድም። ጉዳዩ ለአያ ፋንታ ቀረበ። «ለራሷ ጉዳይ ነው የሚሄድ» ብለው ፈረዱ፤ «እግሩ ይሂድ እንጂ ልቡ እዚሁ ነው።» ነገሩስ እውነት ነበር፤ ልቡ እዚሁ ድንኳኑ ጫፍ ላይ፣ ፎቶው ሊቆምበት ከታሰበው ባዶ ቦታ ላይ ተጎልቶ ነበር። ትርሲት መርዶዋን የሰማችው በስልክ ነው። የናቷን አፈር አላየችም፣ ሬሳዋን አልሳመችም። ስድስት ዓመት ናፍቃ የምትመጣው ወደዚያ ወደ ባዶው ቦታ ነው።

አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን አልፎ በጠጠሩ መንገድ ሲንገጫገጭ፣ ቢያድግልኝ ራሱን ከመስኮቱ ላይ አስደግፎ የእናቱን ሥራ ያስብ ነበር።

ስንቄ አልቃሽ ነበረች። ከቢቸና እስከ ግንደወይን ትልቅ ልቅሶ ካለ እሷ ትጠራለች። ሥራዋ ታዲያ የሚጀምረው ከልቅሶው በፊት ነው። ከዋዜማው ሄዳ ከቤተሰቡ ጋር ትቀመጥና እንደ መርማሪ ትጠይቃለች። ሲስቅ አፉን ይሸፍን ነበር? በቅሎውን ምን ብሎ ነበር የሚጠራት? አንድ ጊዜ ገና ልጅ ሳለ ተከትሏት አምበር ወርዶ ነበር። ሟቹ ስንቄ አይታው የማታውቅ የእህል ነጋዴ ነው። ቤተሰቡ «ደግ ነበር፣ ለሰው አዛኝ ነበር» እያለ ሲደረድርላት በመጨረሻ ተቆጣች።

«ሟች ሁሉ ደግ ነው! እኔ የጠየቅኋችሁ ጥርሱን ነው!»

ጥርሱን ነገሯት። በግራ እግሩ እንደሚያነክስም እያፈሩ ነገሯት። በማግስቱ ከለቀስተኛው መሀል ቆማ እንዲህ ስትል አወረደች፦

አንካሳ ነው ብሎ ሰው ለምን ያማዋል፣
ለመሬት አዝኖላት ቀስ አርጎ ይረግጣል።

የነጋዴው ሚስት ማልቀሷን አቁማ ወደ በሩ ዘወር ብላ አየች። የሚገባ መስሏት።

ለዚህ ነው ስንቄ ካሜራን የምትንቀው። «መልክ በአፍ ይያዛል እንጂ በወረቀት አይያዝም» ትል ነበር። ባለፈው ጥቅምት ግን ሳትጠራ ሱቁ መጣች። ያን ዕለት ቢያድግልኝ ፊት ሦስት ደንበኞች ቆመዋል። ስንቄ ጥግ ላይ ቆማ ተራዋን ጠበቀች።

«ዛሬ ደኅና ለብሻለሁ። እስቲ አንሣኝ» አለች።

«አለችሽ አይደለም እንዴ፣ እማዬ? ያችው ትበቃለች።»

«ከዚያ ወዲህ አርጅቻለሁ እኮ። ያችን ሴትዮ አይቶ ሰው ይታለላል።»

«ሌላ ቀን፣ እማዬ። የት ትሄጃለሽ?»

ላንሣሽ ቢል ያችኛዋ የት ሄደች ትለዋለች። ነጠላዋን አስተካክላ «እሺ» አለችና ወጣች። ካሜራው ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነበር። ባትሪውም ሙሉ ነበር።

ሙሐመድሸሪፍ ሞጣ ውስጥ ባነር የሚያትም መኪና ያለው ሰው ነው። ሱቁ ከቢያድግልኝ ሱቅ አንድ መቶ እርምጃ ይርቃል፤ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ ጨውና ሻይ ግን ይበዳደራሉ። የተላጨውን ራስ ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አላህ ያጽናህ፣ ወንድሜ። እሑድ ልመጣ ተነሥቼ ነበር እኮ። ምነው አንተ መጣህ?»

ቢያድግልኝ ፍላሹን ሰጠው። «ይችን በአንድ ሜትር ተኩል በሁለት ሜትር አውጣልኝ። ሦስት መቶ አድርጌዋለሁ።»

ሙሐመድሸሪፍ ከፈተው። ከፎቶው ግርጌ ያለውን ቁጥር አየ። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። እንደገና አየ።

«ሦስት መቶ ማን አደረገው?»

«እኔ።»

«ቢያድግልኝ፣ አንድ ኪሎ ማር የያዘ ማሰሮ ላይ ሦስት ኪሎ ብለህ ብትጽፍ ማሩ ይጨምራል?»

ቢያድግልኝ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ።

«ያለህ ነጥብ ወደ ጎን ሁለት መቶ አርባ፣ ወደ ታች ሦስት መቶ ሃያ ነው። በቃ። ሦስት መቶ ያልከው ቁጥር ባንድ ኢንች ላይ ስንቱን ነጥብ እንደምትደረድር ይናገራል እንጂ ነጥብ አይወልድም። በሦስት መቶ ካተምናት ጥርት ትላለች፤ ግን ከአውራ ጣቴ አትሰፋም። ሜትር ተኩል ላይ ከበተንናት ደግሞ እያንዳንዷ ነጥብ ሽምብራ ታክላለች።»

«መሀል መሀሉን ኮምፒውተሩ ሞልቶ ቢያለሰልሰውስ?»

«ላሳይህ።» ሙሐመድሸሪፍ አንዱን ነካ፣ ሌላውን ነካ። የስንቄ ፊት ፀሐይ እንዳገኘው ቅቤ ሆነ። ንቅሳቷ ቀለጠ፤ የተሰቀለው ቅንድብም ወረደ። ሌላ ሴት ሆነች፣ ማንንም ምንም የማትጠይቅ። «ይኸውልህ። ኮምፒውተሩ እናትህን አያውቃትም። ይገምታል።»

«መልሰው። መልሰው!»

መለሰው። ሽምብራዎቹ ተመለሱ።

«ዋናውን ስጠኝና እንገላገል እንጂ። ይኸ ለስልክ የተቀነሰ ነው። ዋናው የታለ?»

ቢያድግልኝ የቆመበትን ሲሚንቶ አየ። አራት ቀን ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ለእድሩ ያልተናገረውን ለተፎካካሪው ተናገረ፦ መቀነሱን፣ ይተካ መባሉን፣ አዎ ማለቱን። የጥቅምቱንም ነገረው። ሲጨርስ ሙሐመድሸሪፍ አልሳቀም።

«እኔ አንድ ሠርግ ሙሉ አጥፍቻለሁ» አለ።

«ሙሽሮቹን ምን አልካቸው?»

«ካሜራዬን ሌባ ወሰደው አልኳቸው። ከዚያ ያንን ካሜራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቄ ኖርኩ። በተበደርኩት ነበር የምሠራው።» ትንሽ አሰበና ጠየቀ። «ድንኳኑ ርዝመቱ ስንት ነው?»

«ዐሥራ አምስት ሜትር ይሆናል።»

«ውጣና ከመንገዱ ማዶ ቁም።»

«ምን?»

«ውጣ ስልህ!»

ቢያድግልኝ ወጣ። አንድ ባጃጅ አሳለፈና ተሻግሮ ዞር አለ። ሙሐመድሸሪፍ ፎቶውን ስክሪኑ እስኪሞላ አተልቆ ወደ በሩ አዙሮታል። ከበሩ ውስጥ፣ ከመንገዱ ወዲያ፣ ስንቄ አንዱን ቅንድቧን ሰቅላ ታየዋለች። ንቅሳቷ ከነመስቀሉ ግንባሯ ላይ ነው። ቢያድግልኝ ሳያስበው ነጠላውን አደገደገ።

«ባነር በአፍንጫ አይታይም» አለው ሙሐመድሸሪፍ፣ ቢያድግልኝ ተሻግሮ ሲመለስ። «ከሩቅ ዐይን ራሱ ይገጣጥመዋል። ሰዉን ከዐሥር ሜትር ወዲያ አስቀምጠው። ካስጠጋሃቸው ግን እናትህን አጣሃት ማለት ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት ባነሩ ከድንኳኑ ጥግ ቆመ። ሴቶቹ እሪ አሉ። «ስንቄ! ወይኔ ስንቄ ራሷ!» አያ ፋንታ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እትየ ጥሩአየሁ ሊስሟት እጃቸውን ዘርግተው ገሠገሡ፤ ቢያድግልኝ ቀደማቸው።

«ቀለሙ አልደረቀም፣ እትየ!»

«ታዲያ ብነካትስ?»

«ትበላሻለች።»

አያ ፋንታ ይህን ሲሰሙ ዳኝነታቸው ተቀሰቀሰ። «ቀለሙ እስኪደርቅ ማንም ዝር እንዳይል!» ብለው አወጁ። ቢያድግልኝ ዐሥር ትልልቅ እርምጃ ለካና እዚያ ላይ አግዳሚ ወንበሮቹን በረድፍ አስደረደረ፣ እንደ አጥር። ከዚያ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ የሰው እግር መቁጠር ጀመረ። አስተዛዛኝ በገባ ቁጥር «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲለው «አሜን» ይላል፣ ዐይኑ ግን ጫማው ላይ ነው። ስምንት ሜትር ላይ የደረሰ ሰው ካየ ላብ ያጠምቀዋል።

ከኋላው ሁለት ሰዎች ያንሾካሽካሉ።

«ምን ዐይነት ቀለም ነው ውሎ አድሮ የማይደርቅ?»

«የሞጣ ነው አሉ።»

«እንዲያ በል።»

ለትርሲት ደውሎ ሊነግራት አስቦ ነበር። ስልኩን አራት ጊዜ አወጣ፤ አራት ጊዜ ኪሱ መለሰው። ስድስት ዓመት የለፋችበትን ሁሉ ሸጣ ለትኬት ከፍላ በመንገድ ላይ ላለች ሰው ምን ይባላል? እናትሽን ከሩቅ ተሰናበቻት?

እሑድ ረፋዱ ላይ ሚኒባሱ ከግቢው ደጅ ቆመ። ልቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ትርሲት ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት ገባች። ከድንኳኑ በር ላይ ቀና ስትል አየቻት።

«እማ!»

በሴቶቹ እጅ ላይ ነጠላዋ ብቻ ቀረ። በለቀስተኛው መሀል ሰንጥቃ አግዳሚዎቹን ተራመደቻቸው። ቢያድግልኝ እጆቹን ዘርግቶ ከፊቷ ቆመ።

«ቀለሙ አልደረቀም፣ ትርሲት» አላት።

ስድስት ዓመት ላላያት እኅቱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ሆነ። በብብቱ ሥር ሾልካ አለፈች። ሮጣ ደረሰችና ግንባሯን ባነሩ ላይ ደፋች። እቅፍ አድርጋ ያዘችው። ልቅሶው ናረ።

ከዚያ ለመሳም ቀና አለች።

ቢያድግልኝ ጀርባዋን ያይ ነበር፤ ትከሻዋ ሲቆም አየ። ራሷን ወደ ግራ አለች፣ ወደ ቀኝ አለች። ጣቷን አንሥታ በባነሩ ላይ የእናቷን ንቅሳት ፈለገች። ንቅሳቱ ባለበት ቦታ ጠቆር ያሉ ጥቂት አራት ማዕዘኖች ነበሩ። ከእነሱ ጎን ቡናማ፣ ከዚያ ጎን ሌላ ቡናማ።

«የት ሄደች?» አለች ትርሲት።

ጮኻ አልተናገረችውም፤ ግን ለቀስተኛው ሰማና ከፊት ወደ ኋላ እየቀዘቀዘ ጸጥ አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ቢያድግልኝ። ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። «ያኔ ላንቺ ልልክ ሳሳንሳት ትልቋ ላይ አስቀመጥኳት። ትልቋ ጠፋች። ሌላ የለም። ያችው በስልክ የላክሁልሽ ናት። ባለፈው ጥቅምት ራሷ አንሣኝ ብላኝ ነበር፤ ሌላ ቀን አልኳት።»

አያ ፋንታ ከጎን ሆነው የትርሲትን ግንባር አዩ። ቀለም የሚባል አልነካውም። እትየ ጥሩአየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ።

ትርሲት ዞራ አላየችውም። መዳፏ ባነሩ ላይ ትንሽ ቆየና ወረደ። ከዚያ ዐይኗን ሳትነቅል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ለቀስተኛ ወደ ፊት ሲሮጥ እንጂ ወደ ኋላ ሲሄድ ታይቶ አያውቅም፤ ሰዉ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ሁለተኛ ረገጠች። ሦስተኛ። አራተኛው ላይ ቆም አለች፣ ዐይኗን አጥብባ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ገና ነው። እንደገና ወደ ኋላ ረገጠች፣ በዝግታ፣ እግሯ መሬቱን እየዳበሰ።

ከኋላዋ አግዳሚው ነበር። ቢያድግልኝ ጎንበስ አለና ጫፉን ይዞ ድምፅ ሳያሰማ ከመንገዷ ሳበላት።